ሃይሉክስ ሳይነሳ ስንት ጎማ ይችላል?

ጥያቄ፦ የ2013 ሞዴል ሃይሉክስ ደብል ጋቢና፣ 2.5 ናፍጣ አለኝ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ወደ ገጠር እየወጣሁ እህል እጭናለሁ፤ አልፎ አልፎም በዓባይ በረሃ አድርጌ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። ጎማው 265/65 R17 ነው። ክረምት ሲገባ ሆዱ እየነካ አስቸግሮኛል። መኪናውን ማስነሳት (ሊፍት ማስደረግ) አልፈልግም። ባለ 20 ቸርኬ ቢገባለት ግን ከፍ ይላል፣ ግርማም ይኖረዋል ብለውኛል። እውነት ነው?

አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እውነት አይደለም። ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት መጠየቅዎ ግን ደስ ብሎኛል።

መኪናን ከመሬት የሚያርቀው የቸርኬው ትልቅነት ሳይሆን የጎማው ጠቅላላ ቁመት ነው። እሱም ጎማው ላይ ከተጻፈው ቁጥር ይሰላል። 265 የጎማው ወርድ በሚሊሜትር ነው፤ 65 የጎኑ ላስቲክ ቁመት ከወርዱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው፤ 17 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች። ስለዚህ የእርስዎ ጎማ ጎኑ 172፣ ጠቅላላ ቁመቱ 776 ሚሊሜትር ያህል ነው። አሁን ለባለ 20 ቸርኬ የሚመረጠውን 265/50 R20 ያስሉት፤ 773 ይመጣል። መኪናው ከፍ ሊል ቀርቶ በጥቂቱ ዝቅ ይላል። የጨመረው ብረቱ ነው፤ ላስቲኩማ ከ172 ወደ 132 ሚሊሜትር ወርዷል። በገጠር መንገድ የድንጋዩን ምት የሚቀበልልዎ ደግሞ ያ የጎን ላስቲክ ነው። እሱ ሲያጥር ምቱ በቀጥታ ቸርኬው ላይ ያርፋል፣ ቸርኬው ይጎብጣል፣ ጎማው በጎኑ ያብጣል። በአስፋልት ላይ ብቻ የሚነዳ ሰው ቢጠይቀኝ መልሴ ለዘብ ይል ነበር፤ እህል ጭኖ ጭቃ ለሚገባ ሰው ግን 20 ቸርኬ አልመክርም።

የእኔ ምክር አሁን ያለውን ቸርኬ ሳይቀይሩ 265/70 R17 እንዲያስገቡ ነው። ቁመቱ 803 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ከ27ቱ ጭማሪ ከመኪናው ሆድ በታች የሚገባው ግማሹ፣ 13 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ያንሳል ብለው እንዳይንቁት። የኋላው ዲፍረንሻል አክሰሉ ላይ ስለተቀመጠ መኪናው ቢነሳ እንኳ እሱ ባለበት ይቀራል፤ ከፍ የሚያደርገው ጎማ ብቻ ነው። ሆዱ የሚነካው ጭነት ሲኖር ብቻ ከሆነ ግን መጀመሪያ የኋላውን ባሌስትራ ያስዩት። የደከመ ባሌስትራ የሚያሳጣዎትን ከፍታ ጎማ አይመልሰውም።

ከዚህ በላይ ያለው 285/70 R17 ቁመቱ 831 ሚሊሜትር ነው፤ በወርድም 20 ይጨምራል። ሳይነሳ አይገባም። ቀጥ ብሎ ቆሞ ሲያዩት የገባ ይመስላል፤ ጉዱ የሚታየው መሪውን ጥግ ድረስ አዙረው ወደ ኋላ ሲሄዱ ነው። የፊት ጎማው የኋላ ጠርዝ መጀመሪያ የጭቃ መከላከያውን ላስቲክ፣ ቀጥሎ የፓራፋንጎውን የውስጥ ፕላስቲክ፣ በመጨረሻም ጋቢናው ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበትን ብረት ያገኛል። ይህን ብረት ቆርጠው ወይም ቀጥቅጠው ቦታ የሚያሰፉ አሉ። ጋቢናውን የያዘ ብረት ስለሆነ እንዲነካ አይፍቀዱ።

ለ265/70ም ቢሆን ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ። መሪውን በሁለቱም አቅጣጫ ጥግ ድረስ ያዙሩና በአሁኑ ጎማና በፕላስቲኩ መካከል በጣም ጠባብ የሆነውን ቦታ ይፈልጉ። አዲሱ ጎማ በየአቅጣጫው 13 ሚሊሜትር ይቀርባል። ክፍተቱ ሁለት ጣት ካላስገባ፣ ጉድጓድ ውስጥ ሲገቡ መንካቱ አይቀርም። ፕላስቲኩን ወይም ላስቲኩን ብቻ ከሆነ ትንሽ በመግፋት ይስተካከላል።

ቸርኬውን ለምን እንዳልነካው ደግሞ ልንገርዎ። የፋብሪካው ቸርኬ ጀርባ ላይ ‹ኢቲ 30› ዓይነት ጽሑፍ ያገኛሉ፤ ቸርኬው ሞዞው ላይ የሚያርፍበት ገጽ ከቸርኬው መሃል በ30 ሚሊሜትር ወደ ውጭ መሆኑን ነው የሚናገረው። ለግርማ ተብለው የሚሸጡት ብዙዎቹ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ናቸው፤ ጎማውን ወደ ውጭ ያወጡታል። ያኔ መሪ ሲዞር ጎማው የሚዞርበት ቅስት ይሰፋል፣ በትክክለኛው ቸርኬ ላይ የማይነካ ጎማ መንካት ይጀምራል፣ በኩሽኔታውና በመሪው ቴስቲና ላይ ያለው ጫናም ይጨምራል። በቸርኬና በሞዞ መካከል የሚገባው ስፔሰርም ያው ሥራ ነው የሚሠራው።

የዓባይ በረሃ ነገር በጣም ያሳስበኛል። 265/70 ጎማዎን በ3.4 በመቶ ያሳድጋል፤ እያንዳንዱ ማርሽ በዚያው ልክ ቀለል ይላል። ደጋው ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ጭነት ይዘው ዳገት ሲነሱ፣ ቱርቦው እስኪቀበል ድረስ ሞተሩ ሲደክም ይሰማዎታል። በዚህ መጠን የሚቻል ነው። በ285 ግን 7 በመቶ ይሆናል፤ ጎማውም ይከብዳል። ከደጀን ወደ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወርዱ በማርሽ መያዙ ይላላል፣ ፍሬኑ የበለጠ ይሠራል፣ ይግላል። ፍሬኑ የተሠራው ለፋብሪካው ጎማ ነው። በ265/70ም ቢሆን ቁልቁለቱን ከለመዱት አንድ ማርሽ ቀንሰው ይውረዱ።

ሲገዙ የጭነት ቁጥሩን ይመልከቱ። 112 ማለት አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይችላል ማለት ነው፤ ከዚያ በታች አይውረዱ። የተመረተበትን ጊዜም ከጎኑ ያንብቡ፤ 2324 ቢል በ2024 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

አራት ሳይሆን አምስት ጎማ ይግዙ። ስኮርታው በቀድሞው መጠን ከቀረና አንድ ቀን ከትልልቆቹ ጋር ገጥመውት ጠንካራ መሬት ላይ ፎር ዊል ካስገቡ፣ በተለያየ ፍጥነት የሚዞሩት ጎማዎች ትራንስፈር ኬዙን ያስጨንቁታል። አዲሱ ስኮርታ ከካሶኒው ሥር ባለው ቦታ መግባቱንም እዚያው ጎሚስታው ጋ ይሞክሩት።

ከዚያ በኋላ መኪናዎ 100 ሲል እርስዎ በትክክል ከሚሄዱት በ3 ኪሎ ሜትር ያህል ያነሰ እየነገረዎ ሊሆን ይችላል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ስለሚዘገይ 5,000 ሲሞላ የሄዱት ወደ 5,170 ነው፤ ዘይቱን ትንሽ ቀደም አድርገው ይቀይሩ። ባላንስና አላይመንት ያሠሩ፤ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከነዱ በኋላም ዳዶዎቹን እንደገና ያስጠብቁ።