በተክል ውስጥ ስለሚገኘው መሪ ክፍል የተሰጠ ትምህርት

የተክል ጠባይ ሁሉ፥ ቁመቱም ፍሬውም በሽታን የመቋቋም ኃይሉም፥ ጂን በሚባል የዘር ቅንጣት ተጽፎ ይገኛል። ነገር ግን ጽሕፈቱ ብቻውን ሥራ አይሠራም። ከጂኑ አር.ኤን.ኤ. የሚባል ግልባጭ ይወጣል፤ ራይቦሶም የሚባለውም የሕዋስ ሠራተኛ ግልባጩን እያነበበ ፕሮቲን ይሠራል። ሥራውን የሚፈጽመው ይህ ፕሮቲን ነው።

በግልባጩ ራስ ላይ ግን ወደ ዋናው ፕሮቲን የማይተረጐም ክፍል አለ፤ ይህም መሪ ክፍል ይባላል። ስለማይተረጐም ከንቱ ነው አይባልም፤ ሥልጣኑ ብዙ ነው። ራይቦሶም ከግልባጩ ራስ ጀምሮ የንባቡን መነሻ ምልክት እየፈለገ ይሄዳል። በመሪው ክፍል ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ሌላ አጭር ንባብ ከነመነሻው ይገኛል። ራይቦሶም ይህን አንብቦ ሲጨርስ አብዛኛውን ጊዜ ከግልባጩ ይለያል፤ ወደ ዋናው ንባብም ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ ዋናው ፕሮቲን በጥቂቱ ብቻ ይሠራል። እልፍኝ አስከልካይ ራሱ ፍርድ አይሰጥም፤ ነገር ግን ባለጉዳዩ መቼ እንደሚገባ የሚወስን እርሱ ነው። መሪውም ክፍል እንደዚሁ ነው።

ይህ ለእርሻ ምን ይጠቅማል ቢባል፥ በሽታን የሚከላከል ጂን ያለ ልክ ሲሠራ ተክሉ ኃይሉን በመከላከል ይጨርሳል፤ ዕድገቱም ፍሬውም ይቀንሳል። ጭፍራው ዓመቱን ሙሉ ታጥቆ በዋለበት አገር እርሻው ጦም እንደሚያድር ማለት ነው።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካና የቻይና ሊቃውንት ለዚህ ችግር መፍትሔ አሳዩ። አራቢዶፕሲስ ከምትባል፥ የጎመን ወገን ከሆነች ታናሽ ተክል፥ ቲ.ቢ.ኤፍ. 1 ከተባለው ጂን መሪውን ክፍል ወስደው፥ በሩዝ ውስጥ ኤን.ፒ.አር. 1 በተባለ የመከላከያ ጂን ራስ ላይ አኖሩት። በመሪው ክፍል 2 አጫጭር ንባቦች አሉ፤ ተክሉ ጤነኛ ሲሆን ይከለክላሉ፥ በሽታ ሲነሣ ይለቃሉ። ሩዙም ሲፈተን ቅጠል የሚያደርቁትን የባክቴሪያና የሻጋታ በሽታዎች ተቋቋመ፤ በእርሻ ላይ ሲለካም ምርቱ አልጐደለም።

በ2018 ዓ.ም. ደግሞ በሰላጣ ላይ፥ ቪታሚን ሲ ለመሥራት ከሚያገለግል ጂን በመሪው ክፍል ያለው አጭር ንባብ ብቻ ቢለወጥ፥ ቪታሚኑ በመቶ 150 ያህል ጨመረ። ዋናው ንባብ ግን አልተነካም።

እንግዲህ የዘር መልካምነት በጂኑ መኖር ብቻ ሳይሆን፥ ጂኑ በልኩና በጊዜው በመሥራቱ ነው። በሽታ አይነካውም የተባለ አዲስ ዘር ሲቀርብ፥ አገር የሚያስተዳድር ሹምና ባለመሬት፥ በሽታ በሌለበት ዓመት ምን ያህል እንደሚያፈራ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ በጥቂት መሬትም ከነባሩ ዘር አጠገብ አስዘርቶ የሁለቱንም ምርት ያስመዝን። ገበሬው ግብሩን የሚከፍለው፥ ልጆቹንም የሚመግበው ከጎተራው ነውና።