ኦፕራሲዮን ከሚጠብቅ የትዳር ጓደኛ ጋር ነቅቶ መቆየት

የሚነበብ፦ ማቴዎስ 26፥36-46፤ ኢሳይያስ 38፥1-6 እና 21፤ ዘጸአት 17፥8-13



ባለቤቴ የልብ ኦፕራሲዮን እየጠበቀች መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በሽታው የጀመራት በልጅነቷ ነው። ሐኪሙ እንደነገረን፣ በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ቆይቶ የልብን በሮች፣ ቫልቭ የሚሏቸውን፣ ያበላሻል። በአገራችን በዚህ የተጎዳ ሰው ብዙ ነው። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ግቢ ባለው የልብ ማዕከል ስንቱ ልጅ ወረፋ ይጠብቃል! ስለዚህ ልጆቻችሁን ጉሮሯቸውን ሲያማቸውና ሲያተኩሳቸው «ይተዋቸዋል» አትበሉ፤ ክሊኒክ ውሰዷቸው።

ለምርመራ ከካምፕ ስንወርድ ካርቲየ 1 አንድ የአገራችን ሰው ቤት እናድራለን። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ሙቀቱም አያስተኛም። አንድ ሌሊት ባለቤቴ ተነስታ ተቀመጠችና «ደረቴን ከፍተውት ባልነቃስ? ልጆቹ እንዴት ይሆናሉ?» አለችኝ። እኔ ወንጌላዊ ነኝ አይደል? ቶሎ ብዬ «እንዲህ አይባልም፣ እመኚ እንጂ!» አልኳት። ዝም አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጠዋት ማቴዎስ 26ን ሳነብ ደነገጥኩ። ጌታ በጌቴሴማኒ ጭንቀቱን ከወዳጆቹ አልደበቀም፤ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ እንዳዘነች ነገራቸው። ስበኩልኝ አላላቸውም፣ ምከሩኝም አላላቸውም። አብረውት ነቅተው እንዲቆዩ ብቻ ነው የለመናቸው። እነሱ ግን ተኙ። እኔ ከእነሱም ባስኩ፤ መጀመሪያ አፏን ዘጋሁ፣ ከዚያ ተኛሁ።

ንጉሥ ሕዝቅያስም ታሞ ሞት ሲነገረው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ። እግዚአብሔር አልተቆጣውም። ጸሎቱን ሰማ፣ እንባውን አየ። ስለዚህ የታመመ ሰው ፈራሁ ሲል እምነት የለውም ማለት አይደለም።

በዚያው ቀን ይቅርታ ጠየቅኳትና «አሁን ንገሪኝ» አልኳት። ነገረችኝ። አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። መልስ አልነበረኝም። ልጆቹ እኛ ስንሄድ ማን ጋር እንደሚቆዩ ተነጋገርን። ያን ቀን ምሳዋን በላች።

ከዚህ የተማርኩትን ላካፍላችሁ፦

1. አዳምጡ። ሳትቆርጡ ጨርሳ ትናገር። ጸሎቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

2. ሐኪም ጋር አብራችሁ ግቡ። ጥያቄያችሁን በወረቀት ጻፉ፤ ፈረንሳይኛ የሚችል ሰውም ይዛችሁ ሂዱ። የሚቀየረው ቫልቭ ከብረት ነው ወይስ ከእንስሳ? የብረቱ ብዙ ዘመን ይቆያል፤ ነገር ግን ዕድሜ ልክ ደም የሚያቀጥን መድኃኒትና በየጊዜው የደም ምርመራ ይፈልጋል። መድኃኒቱ ለጽንስም አደገኛ ሊሆን ይችላል። የእንስሳው በጊዜ ብዛት ያረጃል። ካምፕ ለምንኖር ሰዎች ይሄ ትልቅ ጉዳይ ስለሆነ ሁለታችሁም አብራችሁ ስሙት።

3. በጸሎት ስም መድኃኒት አታስቁሙ። ሕዝቅያስ ጸለየ፣ ተሰማም፤ ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ ቁስሉ ላይ እንዲደረግለት አዘዘ። ጾም ከተያዘ እናንተ ጹሙላት፤ እሷ ሐኪሙ ያዘዛትን ትብላ፣ ትዋጥ። የሚያማት ጥርስ ካለም ቀድማ ትታከም፤ የአፍ ቁስል ወደ ልብ ሊደርስ ይችላል።

4. የቤቱን ሥራ ከአሁኑ ልመዱ። የተከፈተው የደረት አጥንት እስኪጠግን ብዙ ሳምንት ይፈጃል። ጀሪካን ማንሳት፣ ማገዶ መሸከም፣ ልጅ ማዘል የለም። ወንድሞች፣ ይሄ ለእኛ ነው! እኔ ሊጥ ማቡካት ጀምሬያለሁ። እንጀራዬ ዓይን የለውም፣ ግን ይበላል።

5. እናንተም ተደገፉ። ሙሴ እጁ ሲዝል አሮንና ሖር ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት፣ እጆቹንም ወዲህና ወዲያ ሆነው ያዙለት። ሙሴ «አልደከመኝም» ብሎ አልተግደረደረም። እኔ ግን ሰው «እንዴት ናችሁ?» ሲለኝ «ተመስገን፣ ደህና ነን» ብቻ እል ነበር። አሁን ጎረቤት ውሃ ሲቀዳልኝ እሺ እላለሁ።

ይህን ስጽፍ የኦፕራሲዮኑ ቀን ገና አልታወቀም። ምን እንደሚሆንም አላውቅም። አንዳንድ ሌሊት አሁንም ትነቃለች። እኔም እነቃለሁ።

ለውይይት፦
ሀ. የታመመ ሰው «ፈራሁ» ሲላችሁ መጀመሪያ የምትመልሱት ምንድን ነው? ለምን?
ለ. በብሎካችሁ በሽተኛ የሚያስታምም ማን አለ? በዚህ ሳምንት የምትይዙለት ሸክም የቱ ነው?

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፣ የጭንቅን ሌሊት አንተ ታውቀዋለህ። ወዳጆችህ ሲተኙብህም አልተውካቸውም። የሚያስታምሙትን አበርታ፣ የታመሙትን ማር፣ የሐኪሞችን እጅ ምራ። ነቅተን እንድንቆይ እርዳን። አሜን።