ድምፅ ማጉያው ዝም ሲል

መብራት ባልገባበት ቀበሌ የስብሰባ ድምፅ ማጉያ የሚሠራው በመኪና ባትሪ ነው። ከማይክራፎኑ የሚመጣው ኤሌክትሪክ እጅግ ትንሽ ነው። ትራንዚስተር የሚባሉት ዕቃዎች በባትሪው ኃይል አጉልተው ወደ ስፒከሩ ይልኩታል።

ማጉያው ዝም ካለ ሳጥኑን ለመክፈት አትቸኩሉ። ብዙውን ጊዜ ችግሩ ከውጭ ነው። አስቀድሞ የባትሪው ጫፎች ይታዩ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከያዛቸው ሽቦው ይፈታ፤ ጫፎቹ ተጠርገው እንደገና ጠበቅ ተደርጎ ይታሰር። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሲሞላ 12.6 ቮልት ገደማ አለው። ሲደክም ግን ተናጋሪው ጮክ ባለ ቁጥር ድምፁ ይሻክራል፣ ይቆራረጣል።

ቀጥሎ ፊውዙ ነው። ፊውዝ ማለት ኤሌክትሪክ ከልኩ ሲያልፍ ራሱ ቀልጦ መንገዱን የሚቆርጥ ቀጭን ሽቦ ነው። ታዲያ ሲቃጠል አንዳንዱ ሰው የሲጋራ ብርማ ወረቀት ይጠቀልልበታል። ማጉያውም ይናገራል! ጉዱ የሚመጣው ኋላ ነው። ወረቀቱ እንደ ፊውዙ ቶሎ ስለማይቀልጥ በፈንታው ትራንዚስተሩ ይቃጠላል፤ እሱ ደግሞ በፊውዝ ዋጋ አይገኝም። የተቃጠለው ባለ 5 አምፔር ከሆነ በባለ 5 አምፔር ይተካ። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ ሦስተኛ አትጨምሩ። ባትሪው ይነቀልና ወደ ስፒከሩ የሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች የሆነ ቦታ ተልጠው ተነካክተው እንደሆነ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታይ። ሽቦው ደህና ከሆነ ጉዳቱ ከውስጥ ነውና ራዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ይወሰድ።

ሲያፏጭስ? እሱ እንኳ ብልሽት አይደለም። ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይክራፎኑ ውስጥ እየገባ ነው። ተናጋሪው ከስፒከሩ ኋላ ይቁም፤ ድምፁም ትንሽ ዝቅ ይበል።