የተደረገልንን እናስተውል፣ ያስተዋልነውንም እንናገር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ መጻጉዕ ይባላል። መጻጉዕ ማለት ድውይ፣ በሽተኛ ማለት ነው። 38 ዓመት በደዌ የኖረውን ሰው ታሪክ ሁላችንም ሰምተነዋል (ዮሐ. 5፥1-15)። በመጠመቂያው ዳር ብዙ ሕሙማን ተኝተው ሳለ ጌታችን ወደዚህ ሰው ቀረበ፤ መዳን ይፈልግ እንደሆነም ጠየቀው። እርሱ ግን ውኃው ሲናወጥ የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነገረው። ጌታም በቃሉ አዳነው፤ አልጋውን ተሸክሞ ሄደ።

፩. ያዳነውን አላወቀውም ነበር

ሰውየውን ማን እንዳዳነው ሲጠይቁት አላወቀም። በኋላ ጌታ በመቅደስ አገኘው፤ ያን ጊዜ አወቀ፣ ሄዶም ተናገረ። ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል፦ በመጀመሪያ ተደረገለት፣ ቀጥሎ አወቀ፣ ከዚያ ተናገረ። ብዙዎቻችን የቀረነው የመጀመሪያው ላይ ነው። ተደርጎልናል፤ ማን እንዳደረገልን ግን አላስተዋልንም።

ከአዲስ አበባ ወልቂጤ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ተሳፍረን በሰላም ገብተን ስለ ታሪፉ መጨመርና ስለ ወንበሩ መጣበብ እናወራለን። በሰላም ስለመግባታችንስ ስንቶቻችን ነን ተመስገን ያልነው? ከቅዳሴ በኋላ የምንቀምሰው ቆጮና ጎመንም እንዲሁ ነው። እንሰቱ ተተክሎ ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይቆያል፤ ከዚያ እናቶች ይፍቁታል፣ ተቀብሮ ይብላላል፣ ተጨምቆ ይጋገራል። ይህን ሁሉ ዘመን ዝናቡን ያዘነበ፣ ለእናቶችም ጉልበት የሰጠ ማን ነው? እኛ ግን ቆርሰን በልተን እንነሳለን። ነቢዩ ዳዊት ነፍሱን የተደረገላትን ሁሉ እንዳትረሳ የመከራት፣ መርሳት ለሰው ቅርብ ስለሆነ ነው (መዝ. 102፥2)።

፪. ተአምር ብቻ አንጠብቅ

በየዓመቱ መጋቢት 5 ቀን በጻድቁ በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል በሶዶ ወደሚገኘው ወደ ምድረ ከብድ ገዳም ብዙ ሕዝብ ይጓዛል። ስእለቱ የደረሰለት ጧፍ ይዞ፣ ጥላ ይዞ ይመጣል፤ እልልም ይባላል። ይህ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን የእግዚአብሔር ሥራ በዓመት አንድ ቀን፣ በትልልቅ ነገር ብቻ የሚታይ አይደለም። ትኩሳት ይዞት ያደረ ልጅ ጤና ጣቢያ ሄዶ በመድኃኒት ቢሻለው፣ ይህም የእግዚአብሔር ሥራ ነው። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነ ያስተምረናል (ሲራ. 38፥1-8)። ለሐኪሙም ምስጋና ይገባዋል፣ ለፈጣሪውም እንዲሁ።

፫. ስንናገር እንጠንቀቅ

ጌታችን በጌርጌሴኖን አገር ያዳነውን ሰው ወደ ቤቱ፣ ወደ ዘመዶቹ ሄዶ የተደረገለትን እንዲነግራቸው አዝዞታል (ማር. 5፥19)። እኛም ለመስቀል ወደ አገር ቤት ስንገባ ቤተሰብ ተሰብስቦ እንዴት እንደከረምን ይጠይቀናል። ስለ ንግዱ ትርፍና ኪሳራ እንናገራለን። እግዚአብሔር ከምን እንዳወጣንም እንንገራቸው እንጂ! አባት ካልነገረ ልጅ ከየት ይሰማል?

ሆኖም ስንናገር በእውነቱ ላይ አንጨምር፤ ሐሰት እግዚአብሔርን አያከብርም። ደግሞም ራሳችንን ከፍ ለማድረግ አይሁን። ከሁሉ በላይ የሚሰማንን ሰው ቁስል እንይ። ሁለት ጎረቤታሞች ልጆቻቸው ታመሙ እንበል። ሁለቱም ጾሙ፣ ሁለቱም አለቀሱ፣ ሁለቱም ጠበል ወሰዱ፣ ሁለቱም አሳከሙ። የአንዷ ልጅ ዳነ፤ ሌላዋ ልጇን ቀበረች። ቡና ተፈልቶ አብረው ሲቀመጡ የመጀመሪያዋ «እኔ በእምነት ስለጸለይኩ ዳነልኝ» ብትል፣ ያቺ ልጇን የቀበረች እናት ምን ትሰማለች? «አንቺ እምነት ስለሌለሽ ነው» የተባለች አይመስላትም?

በመጠመቂያው ዳር ብዙዎች ተኝተው ነበር፤ ወንጌሉ በዚያን ቀን ሲድን የሚነግረን የአንዱን ነው። እርሱ ከሌሎቹ ይበልጥ ነበር አላለም፤ ሌሎቹም ተጥለዋል አላለም። ስለዚህ «እግዚአብሔር ማረኝ» እንበል እንጂ ምሕረቱን የጽድቃችን ደመወዝ አናድርገው። ኀዘን ላይ ያለ ሰው ዘንድ ስንሄድ ደግሞ መጀመሪያ አብረን እናልቅስ (ሮሜ 12፥15)። ለመናገርም ጊዜ አለው።

፬. በእጃችንም እንናገር

አባቶች እንደሚያስተምሩን ይህ የዳነው መጻጉዕ በዕለተ ዓርብ ጌታን በጥፊ መትቶታል። ምን ያስደነግጣል! በአፉ ያዳነኝ እርሱ ነው ብሎ ተናግሯል፤ እጁ ግን ውለታውን ረሳች። ስለዚህ በአፍ መመስከር ብቻውን አይበቃም።

የእኛ እጅስ ምን ትላለች? «ሰው የለኝም» የሚል ዛሬም በወልቂጤም በቡታጅራም አለ። ጠበል የሚወስዳቸው ያጡ አረጋዊ፣ ከሩቅ አገር መጥቶ የታመመ ተማሪ፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ ያጣ የቀን ሠራተኛ፣ ከዕድር ውጭ የሆነች ደሃ እናት። የዚህ ሰው ጎረቤት እኛ ነን። እግዚአብሔር ሰው ላከልኝ ብሎ የሚያመሰግነው እኛ ስንደርስለት ነው። በከተሞቻችን ከሙስሊሙም ከሌላውም ጋር በአንድ አጥር እንኖራለን፤ ስብከታችንን ባይሰሙም ሥራችንን ያያሉ።

በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር እናድርግ፦

ማታ ከመተኛታችን በፊት በዕለቱ የተደረገልንን ሦስት ነገር ቆጥረን እናመስግን።

ከሦስቱ አንዱን በማዕድ ላይ ለልጆቻችን እንንገር።

ከምሳችን ቀንሰን፣ ሰው ወደሌለው ወደ አንድ ሰው ቤት እንሂድ። ከጾሙ የተረፈው ለእርሱ ነውና።

ቸሩ አምላካችን ውለታውን የምናስተውልበት ልቡና፣ የምንናገርበት አንደበት፣ የምናገለግልበት እጅ ይስጠን። የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱሳን ተራዳኢነት አይለየን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር