የመንዙማ ቃላት አፈታት፦ ጀሪፍ ላደጉ አማርኛ ተናጋሪዎች

ችግሩ የት ላይ ነው?

በጥቁር ዓባይ ዳር ያለው ጀሪፍ፣ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት እስኪነሳ ድረስ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት የካርቱም ሰፈር ነበር። እዚያ ያደገ ልጅ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ደግሞ የሱዳን ዓረብኛ ይናገራል። የወሎ መንዙማ፣ ማለትም የሙስሊሞችን የውዳሴ ግጥም፣ ሲሰማ «ሁለቱንም ቋንቋ አውቃለሁ» ብሎ ይተማመናል። የማያውቀውን ቃል ይጠይቃል፤ የሚስተው ያወቀ በመሰለው ላይ ነው።

ከካርቱም ዓረብኛ ጋር የሚያምታቱ

ሐጃ፦ በካርቱም ገበያ «ነገር» ወይም «ዕቃ» ማለት ነው፤ ቀዝቃዛ ለስላሳም «ሐጃ ባርዳ» ይባላል። በመንዙማ ግን አማኙ በዱዓ የሚያቀርበው ጉዳይ ነው፦ ልጅ፣ ጤና፣ ዝናብ። «ሐጃዬን» የሚለው ሰው ዕቃ አልጠፋበትም።

ዘይኔ፦ ዘይን በሱዳን የወንድ ስም ነው፤ ለዛሬ ወጣት ደግሞ የስልክ ድርጅት። በመንዙማ «ውብ» የሚለው የዓረብኛ ቃል የአማርኛ ባለቤትነት ተጨምሮበት «ውዴ፣ ውበቴ» ሆኗል፤ የሚወደሱትም ነቢዩ ናቸው።

ዘየረ፦ በካርቱም ዘመድ መጠየቅም ዚያራ ነው። መንዙማው ውስጥ ግን ለበረካ ወደ ሼህ ወይም ወደ ወልይ መቃብር መሄድ ነው።

አማርኛ መስለው የሚያምታቱ

ወዳጃ፦ «ወዳጅ» አይደለም። በወሎ ሰዎች ተሰብስበው ቡናና ጫት ይዘው የሚያደርጉት የጋራ ዱዓ ነው።

ዱበርቲ፦ መነሻው ኦሮምኛ ሲሆን «ሴት» ማለት ነው። በወሎ የሚከበሩ፣ ዱዓ የሚያደርጉ እናቶች ይጠሩበታል።

አንቱ፦ አዲስ አበቤው «እርስዎ» የሚለው ነው። ከዓረብኛው «አንተ» ጋር በድምፅ ቢቀራረብም፣ አማርኛው ነቢዩን በአክብሮት ይጠራል፤ ግሱም «መጡ» እንጂ «መጣህ» አይልም።

ተ፦ በወሎና በጎጃም «ከ» በሚባልበት ቦታ ይገባል። «ተመካ መጡ» ቢባል «ከመካ መጡ» ነው። «በነቢዩ ተመካ» ቢባል ግን ኮራባቸው፣ ተማመነባቸው ማለት ነው። ሁለቱን የሚለየው አብሮ የሚመጣው ቃል ነው። አንዳንዴ ገጣሚው ሁለቱንም አስቦ ይሆናል፤ ሰምና ወርቅ የመንዙማም ሀብት ነው።

ጽሑፉ ራሱ ሲያሳስት

የወሎ ዑለማ አማርኛውን በዓረብ ፊደል ይጽፉ ነበር፤ አጀሚ ይባላል። ዓረብኛ ሦስት የአናባቢ ምልክት ብቻ ስላለው ሰባቱን የአማርኛ ድምፆች ለይቶ አያሳይም፤ አንዱ ቃል ሁለት ሦስት ዓይነት ሊነበብ ይችላል። ዘመኑንም ማወቅ ይጠቅማል። ከ1870ው የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊሞች ክርስትና ለማስነሳት ሲገፉ፣ ሼህ ጦልሃ ጀዕፈር ተቃውመው መንዙማ ጽፈዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የተገጠመ መንዙማ «ጭንቅ» ሲል የነፍስ ብቻ ላይሆን ይችላል።

እንዴት እንፍታው?

መጀመሪያ አዝማቹን እንያዝ፤ ተቀባዮቹ የሚደጋግሙት ስለሆነ ዋናው ሐሳብ እዚያ አለ። ቀጥሎ የከበደንን ቃል ከነስንኙ እንጻፍ፤ ተነጥሎ የተጠየቀ ቃል አሳሳች መልስ ያመጣል። ከዚያ ዓረብኛ፣ ኦሮምኛ ወይስ የወሎ አማርኛ መሆኑን እንለይ። በመጨረሻም የወሎ ሽማግሌ ወይም እናት ፊት እናንብበው። ያገኘነው ፍቺ ስንኙን ካላስኬደው፣ ቀላል የመሰለንን ቃል መልሰን እንመርምር።