ትንሽ ቁስል አንናቅ

በመጠለያ ጣቢያ ኑሮ እንጨት ሲፈለጥ፣ ሽንኩርት ሲከተፍ፣ ልጆች በባዶ እግራቸው ሲሮጡ መቆረጥ ያለ ነው። ብዙ ጊዜ ጉዳት የሚያመጣው ግን መቆረጡ ሳይሆን ቁስሉ ላይ የምናደርገው ነገር ነው። ደም ለማቆም ተብሎ የቡና ዱቄት፣ አመድ፣ አፈር ወይም እበት ይደረግበታል። የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ጀርም የሚገኘው ደግሞ በአፈርና በከብት እበት ውስጥ ነው። ለቁስል የሚቀድመው መድኃኒት ንጹሕ ውሃና ሳሙና ነው።

1. በመጀመሪያ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

2. ቁስሉ የሚደማ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ይጫኑት። በየመሐሉ እየገለጡ አይዩት።

3. ንጹሕ ውሃ እያፈሰሱ ቁስሉን ያጥቡ፤ ዙሪያውንም በሳሙና ያጽዱ። ውሃው የሚያጠራጥር ከሆነ አፍልተው ያቀዝቅዙት። አሸዋና ቆሻሻ ፈጽሞ እስኪወጣ ድረስ አያቁሙ።

4. ተቀቅሎ ፀሐይ ላይ በደረቀ ጨርቅ ይሸፍኑት። ጨርቁን በየቀኑ፣ እንዲሁም ሲረጥብ ወይም ሲቆሽሽ ይለውጡት።

ወደ ክሊኒክ የሚኬደው መቼ ነው?

ደሙ አልቆም ካለ፣ ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ወይም ምስማር ከወጋዎት በዚያው ዕለት ይሂዱ። ቁስሉ ካበጠ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣም አይቆዩ። ውሻ ከነከሰ፣ ጭረት እንኳ ቢሆን፣ ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥበው ወዲያውኑ ይሂዱ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መቼ እንደወሰዱ የማያስታውሱ ከሆነ ይህንኑ ለጤና ባለሙያው ይንገሩ።

አንድ ቁራጭ ሳሙናና የተቀቀለ ጨርቅ በየፌስታሉ ጠቅልለው ለዚሁ ጉዳይ ብቻ ያስቀምጡ። ሳሙና ለልብስ ብቻ አይደለም።