ብዙ ግራፊክስ ካርድ በተገጠመለት ኮምፒውተር ላይ ብልሽትን የመፈለግ ቅደም ተከተል፦ በነገሌ ቦረናና በደቡብ ቆላ ከተሞች ሁኔታ

መግቢያ

ኢቴሪየም የተባለው የክሪፕቶ ገንዘብ መረብ መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 2022) የአሠራር ሥርዓቱን ሲለውጥ፣ በግራፊክስ ካርድ የሚካሄደው ማይኒንግ ዋና የገቢ ምንጩን በአንድ ቀን አጣ። ከዚያ በፊት ስድስት ወይም ስምንት ካርድ በአንድ ማዘርቦርድ ላይ የተገጠመላቸው ማሽኖች በዓለም ዙሪያ በብዛት ተሠርተው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ተፈታትተው ካርዶቻቸው ለአሮጌ ዕቃ ገበያ ቀረቡ። በአገራችን ዛሬ በስፋት የሚነገርለት ማይኒንግ ከዚህ የተለየ ነው። ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ውል የገቡ ኩባንያዎች የሚጠቀሙት ለቢትኮይን ስሌት ብቻ የተሠሩ ኤሲክ ማሽኖችን ሲሆን፣ ግራፊክስ ካርድ በዚያ ሥራ ውስጥ ቦታ የለውም። በሕግ ረገድም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ክሪፕቶ ገንዘብን ለክፍያ ማዋል ሕጋዊ አለመሆኑን አሳስቧል፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይም የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በማይኒንግና በማስተላለፍ ሥራ የተሰማሩ ሁሉ እንዲመዘገቡ ጠይቋል።

ይህ ጽሑፍ ስለ ማይኒንግ ትርፍና ኪሳራ አይከራከርም። ትኩረቱ ማሽኑ ነው። 12 ጊጋባይት ማህደረ ትውስታ ያላቸው ያገለገሉ ካርዶች፣ የግጦሽ መሬትን ከሳተላይት ምስል ለሚያጠና ወይም የአፋን ኦሮሞና የአማርኛ ጽሑፎችን በኮምፒውተር ለሚተነትን የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ በአቅሙ ሊያገኛቸው ከሚችላቸው ጥቂት የስሌት መሣሪያዎች መካከል ናቸው። እንዲህ ያለው ማሽን አዲስ አበባ ውስጥ ሲበላሽ ካርዱን ይዞ ወደ ጥገና ሱቅ መሄድ ይቻላል። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው ነገሌ ቦረና፣ ከዚያም አልፎ በፊልቱና በዶሎ አዶ ግን «ካርዱ ሞቷል» የሚል የተሳሳተ ፍርድ የሚያስከትለው የአንድ ሳምንት መንገድ፣ የትራንስፖርት ወጪና ሳያስፈልግ የተገዛ ሌላ ካርድ ነው።

የጽሑፉ መከራከሪያም ከዚህ ይነሣል። ብዙ ካርድ ባለው ማሽን ላይ የብልሽቱ ምልክት የሚታየው በካርዱ ላይ ቢሆንም፣ መንስኤው በአመዛኙ የሚገኘው ከካርዱ ውጭ ነው። የተለመዱት መመሪያዎች ፍለጋውን ከድራይቨር ይጀምራሉ። በቆላ ከተሞች ግን ፍለጋው መጀመር ያለበት ከግድግዳው ሶኬት ነው፤ ካርዱ የመጨረሻው ተጠርጣሪ ሊሆን ይገባል።

ከሶኬቱ እስከ ፓወር ሰፕላዩ

በገናሌ ወንዝ ላይ የተሠራውና 254 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የገናሌ ዳዋ 3 ኃይል ማመንጫ በ2012 ዓ.ም. ተመርቋል። የግድብ መቅረብ ግን በሶኬት ላይ ላለው ቮልቴጅ ዋስትና አይሆንም። ቮልቴጁን የሚወስኑት ከሠፈሩ ትራንስፎርመር እስከ ቤቱ ያለው ሽቦ ርዝመትና ውፍረት፣ እንዲሁም በዚያው መስመር ላይ በዚያው ሰዓት የተጫነው የፍጆታ መጠን ናቸው። ስለዚህ በቀትር የተወሰደ ልኬት ብቻውን ብዙም አይረዳም። ማሽኑ ሙሉ ሥራ ላይ እያለ፣ ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ሶኬቱ ላይ በሙልቲሜትር መለካት ያስፈልጋል።

ቮልቴጅ ሲወርድ ምን እንደሚሆን በምሳሌ እንመልከት። ስድስት አርቲኤክስ 3060 ካርዶች ያሉት ማሽን በማይኒንግ ጊዜ እያንዳንዱ ካርድ ወደ 115 ዋት እንዲወስድ ተደርጎ ቢገደብ፣ ከማዘርቦርዱ ጋር ጠቅላላ ፍጆታው 750 ዋት ያህል ይሆናል። የፓወር ሰፕላዩ ብቃት 90 በመቶ ነው ብንል ከግድግዳው የሚሳበው 833 ዋት ነው። በ220 ቮልት ይህ 3.8 አምፔር ነው፤ በ170 ቮልት ግን 4.9 አምፔር ይሆናል። ፓወር ሰፕላይ እንደ አምፖል ደብዝዞ አይሠራም፤ ቮልቴጅ ሲያንሰው የጎደለውን በአምፔር ያካክሳል። በሽቦና በማያያዣ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ በአምፔሩ ስኩዌር ስለሚያድግ፣ በዲቫይደሩና በሶኬቱ ውስጥ ያለው ሙቀት 67 በመቶ ይጨምራል። የላላ ዲቫይደር ላይ ይህ ጭማሪ ፕላስቲክ ያቀልጣል። ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ ማንም በሌለበት የሚሠራ በመሆኑም፣ ይህ ነጥብ ከጥገናም በላይ የእሳት አደጋ ጥያቄ ነው። ዲቫይደሩን በእጅ ዳስሶ የሞቀ ከሆነ ሌላ ምርመራ ከመጀመሩ በፊት መለወጥ ይገባል።

ብዙዎች መፍትሔ የሚያደርጉት የፍሪጅ ስታብላይዘርን ነው። በሪሌ የሚሠራው ዓይነት ደረጃ በቀየረ ቁጥር ለጥቂት ሚሊሰከንድ ኃይል ያቋርጣል። አንድ ደኅና ፓወር ሰፕላይ ሙሉ ጭነት ላይ ሆኖ ያለ ግብዓት ሊቆይ የሚችለው 16 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ያረጀ ከሆነ ከዚህም ያነሰ ይቆያል። ስለዚህ ስታብላይዘሩ «ጠቅ» ባለ ቁጥር ማሽኑ እንደገና የሚነሣ ከሆነ፣ ተጠርጣሪው ካርድ ሳይሆን የእነዚህ የሁለቱ አለመጣጣም ነው። ከዚህ ጋር አንድ ቀላል ጥንቃቄ አለ፦ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማሽኑ በራሱ እንዲነሣ የሚያደርገውን የባዮስ ምርጫ መዝጋት። መብራት በተመለሰባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች ቮልቴጁ እጅግ ያልተረጋጋ ነውና።

እዚህ ላይ ከማይኒንግ ወደ ምርምር የተሸጋገረ ማሽን የሚያሳየውን የተለየ ጠባይ ማስተዋል ያስፈልጋል። የአርቲኤክስ 3060 መደበኛ ገደብ 170 ዋት ነው። የማይኒንግ ገደቡ ተነሥቶ ስድስቱም ካርዶች በሙሉ አቅማቸው ሲሠሩ 1,020 ዋት ይወስዳሉ፤ ከቀረው ዕቃ ጋር 1,100 ይጠጋል። ለዓመታት ያለ እንከን የሠራ ባለ 1,000 ዋት ፓወር ሰፕላይ በዚህ ጭነት ይወድቃል፤ ተጠቃሚው ግን «ካርዶቹ በማይኒንግ ተጎድተው ነው» ብሎ ይደመድማል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የእያንዳንዱን ካርድ ገደብ ወደ 115 ዋት መልሶ ብልሽቱ መጥፋቱን ማየት። ከዚህ ጋር የፓወር ሰፕላዩ 12 ቮልት መስመር በጭነት ላይ ከ11.4 በታች መውረድ እንደሌለበት በሙልቲሜትር ማረጋገጥ ይቻላል።

ራይዘሩ

ራይዘር ካርዱን ከማዘርቦርዱ አርቆ ለመትከል የሚያገለግል ትንሽ ሰሌዳ ነው። የሚገናኝበት ኬብል ዩኤስቢ 3 ቢመስልም የሚያስተላልፈው የፒሲአይ ኤክስፕረስ ምልክት ስለሆነ፣ ከማንኛውም የዩኤስቢ ማስገቢያ ጋር መገናኘት የለበትም። በእኔ ግምት ከማሽኑ ክፍሎች ሁሉ በዋጋ እጅግ ርካሹና በብልሽት ደግሞ ቀዳሚው ይኸው ነው።

ትልቁ ስሕተት ራይዘሩን በሳታ ማያያዣ ኃይል መስጠት ነው። የሳታ ማያያዣ በ12 ቮልት መስመሩ የሚሸከመው 4.5 አምፔር፣ ማለትም 54 ዋት ነው። ካርዱ ግን በመለኪያው መሠረት ከማስገቢያው እስከ 75 ዋት ሊወስድ ይችላል፤ ከዚህም 66 ዋቱ በ12 ቮልት መስመር የሚመጣ ነው። በማይኒንግ ጊዜ ፍጆታው ዝቅተኛ ስለነበር ችግሩ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል፤ የምርምር ስሌት ሲጀመር ግን ማያያዣው ይጠቁራል፣ ቀጥሎም ይቀልጣል። ባለ ስድስት እግር ማስገቢያ ያላቸውን ራይዘሮች መርጦ በቀጥታ ከፓወር ሰፕላዩ መመገብ ይሻላል። ሁለት ፓወር ሰፕላይ ባለበት ማሽን ደግሞ አንድ ካርድና የራሱ ራይዘር ከአንድ ፓወር ሰፕላይ መመገብ አለባቸው።

አንድ ካርድ ከዝርዝሩ ሲጠፋ በመጀመሪያ የትኛው እንደጠፋ ማወቅ ራሱ ያሳስታል። በሊኑክስ ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ የሚሰጠው ቁጥር የፒሲአይ አድራሻን ቅደም ተከተል የሚከተል ሲሆን፣ ኩዳ ግን ካልተነገረው በስተቀር ፈጣኑን ካርድ ያስቀድማል። ሁለቱም በመደርደሪያው ላይ ካለው አቀማመጥ ጋር ላይገጥሙ ይችላሉ። በሥራ ላይ ያሉትን ካርዶች ማራገቢያ አንድ በአንድ ከሶፍትዌር እያፈጠኑ የትኛው እንደሚጮኽ መለየትና በፕላስተር ቁጥር መለጠፍ ቢያንስ የአንድ ቀን ልፋት ያተርፋል።

ከዚያ በኋላ አምስት ተጠርጣሪዎች አሉ፦ ካርዱ፣ የራይዘሩ ሰሌዳ፣ ኬብሉ፣ የማዘርቦርዱ ማስገቢያና የኃይል ሽቦው። ደንቡ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ከጤነኛ ጎረቤት ጋር መለዋወጥ ነው። ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ከሶኬት ተነቅሎ ኬብሉ ብቻ ሲለዋወጥ ብልሽቱ ወደ ጎረቤቱ ከተዛወረ ኬብሉ ነው፤ ባለበት ከቀረ ወደ ቀጣዩ መሄድ ነው። «ካርዱ ከመስመሩ ወድቋል» የሚለው ኤክስአይዲ 79 የተሰኘ የስሕተት መልእክት ብዙውን ጊዜ እንደ ሞት መርዶ ይነበባል፤ የሚናገረው ግን ግንኙነት መቋረጡን ብቻ ነው፣ በምን ምክንያት እንደተቋረጠ አይናገርም።

አስቸጋሪው አልፎ አልፎ የሚከሰተው ብልሽት ነው። ማሽኑ በአማካይ በየ6 ሰዓቱ ይወድቅ ነበር እንበል። ራይዘሩን ለውጠን ለ1 ሰዓት ብንፈትነውና ደኅና ቢሠራ ምን አረጋገጥን? ምንም ያህል አይደለም፤ ብልሽቱ በዘፈቀደ የሚከሰት ከሆነ፣ ምንም ነገር ሳይስተካከል እንኳ ያንን አንድ ሰዓት በሰላም የማለፍ ዕድሉ 85 በመቶ ነው። 95 በመቶ እርግጠኛ ለመሆን የአማካዩን 3 እጥፍ፣ ማለትም 18 ሰዓት ያለ ውድቀት መሥራት አለበት። «ተስተካክሏል» ተብለው በማግስቱ የሚመለሱ ማሽኖች ምሥጢር ይህ ይመስለኛል።

የባዮስ ምርጫዎች

ይህ አጭር ነው። ከአራት ካርድ በላይ ሲሆን «አባቭ 4ጂ ዲኮዲንግ» የሚባለው ምርጫ መከፈት አለበት፤ ካልተከፈተ ማሽኑ ላይነሣ ወይም ዊንዶውስ ኮድ 12 የተባለውን የሀብት እጥረት መልእክት ሊያሳይ ይችላል። የፒሲአይ ኤክስፕረስ ፍጥነትን ወደ 1ኛ ወይም 2ኛ ትውልድ ዝቅ ማድረግ ደካማ የራይዘር ኬብልን ያረጋጋል። ይህ ለማይኒንግ ጉዳት አልነበረውም። ለምርምር ግን ዋጋ አለው፦ በአንድ መስመርና በ1ኛ ትውልድ በሰከንድ የሚያልፈው 250 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ፣ ብዙ የሳተላይት ምስል የሚጭን ሥራ ካርዱን ሥራ ፈት ሊያደርገው ይችላል።

ሙቀት፣ አየርና አቧራ

ቆላ ስለሆነ ብቻ ሙቀትን ቀዳሚ ተጠያቂ ማድረግ የተለመደ ነው። ስሌቱ ግን ያልተጠበቀ ነገር ያሳያል። ማራገቢያ ሙቀትን የሚያስወግደው በአየር ብዛት ነው፤ አየር ደግሞ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይሳሳል። 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ በ18 ዲግሪ የአየር ጥግግት በኪዩቢክ ሜትር 0.91 ኪሎ ግራም ያህል ነው። 1,450 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ነገሌ በ28 ዲግሪ 0.98፣ ገናሌና ዳዋ በሚገናኙበት፣ 200 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍታ ባላት ዶሎ አዶ ደግሞ በ38 ዲግሪ 1.11 ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥ ከክፍሉ 50 ዲግሪ በላይ ሞቆ በ68 ዲግሪ የሚሠራ ካርድ፣ የማቀዝቀዝ አቅሙ በጥግግቱ 0.8 ኃይል ያድጋል በሚለው የተለመደ ግምት፣ በነገሌ ወደ 75፣ በዶሎ አዶ ወደ 81 ዲግሪ ይደርሳል። የክፍሉ ሙቀት 20 ዲግሪ ሲጨምር ካርዱ የጨመረው 13 ብቻ ነው፤ የቀረውን 7 ዲግሪ ወፍራሙ የቆላ አየር ይካካሳል። 81 ዲግሪ ምቹ ባይሆንም ካርድ የሚገድል አይደለም። በነገሌ የሚሠራ ካርድ 90 ዲግሪ ከደረሰ እንግዲህ አየሩን መውቀስ አይበቃም፤ የደረቀ ቴርማል ፔስት፣ የደከመ ማራገቢያ ወይም አቧራ መፈለግ ይገባል።

አቧራው በተለይ በቦና፣ ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ይበረታል። ደቃቁ ቀይ አፈር በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል ይጋገራል። በብሩሽና በአየር መንፊያ ሲጸዳ የማራገቢያውን ክንፍ በጣት መያዝ ያስፈልጋል፤ በነፋሱ ኃይል ሲሽከረከር ኩሽኔታው ይጎዳልና። የራይዘሩን ማስገቢያዎችም አለመርሳት ነው።

ካርዱ ሳይወድቅ ሲሳሳት

ከዚህ በላይ የተጠቀሱት ብልሽቶች ራሳቸውን ያሳውቃሉ። ለተመራማሪ ይበልጥ የሚያሰጋው የማይናገረው ነው። ማይኒንግ ላይ የነበሩ ካርዶች የማህደረ ትውስታ ፍጥነታቸው ከመደበኛው በላይ ተገፍቶ፣ አንዳንዶቹም የውስጥ ባዮሳቸው ተቀይሮ ይገኛሉ። በማይኒንግ አንድ የተሳሳተ ስሌት ቢላክ መረቡ አይቀበለውም፤ ኪሳራው አንዲት መልስ ናት። በምርምር ግን የሚፈትሽ የለም። የተሳሳተው ቁጥር ወደ ሠንጠረዡ ይገባል፣ ከዚያም ወደ መመረቂያ ጽሑፉ። እነዚህ ካርዶች የማህደረ ትውስታን ስሕተት የሚያርም ሥርዓትም የላቸውም።

ስለዚህ ማንኛውም ያገለገለ ካርድ ለምርምር ከመዋሉ በፊት ባዮሱና ፍጥነቱ ወደ ፋብሪካው ይዞታ መመለስ፣ ከዚያም የስሌት ፈተና ማለፍ አለበት። ለፈተናው ትላልቅ የሙሉ ቁጥር ማትሪክሶችን ማባዛት ከአሥርዮሽ ስሌት ይመረጣል። በአሥርዮሽ ስሌት የመደመር ቅደም ተከተል ሲለወጥ የመጨረሻዎቹ አሐዞች በጤነኛ ካርድም ሊለያዩ ስለሚችሉ ልዩነቱ ምን እንደሆነ አይታወቅም። የሙሉ ቁጥር ውጤት ግን በሁሉም ካርድ ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ አንዲት ቢት ብትለያይ ካርዱ ተሳስቷል። ማትሪክሶቹ የካርዱን ማህደረ ትውስታ በሙሉ እንዲሞሉ ሆነው፣ ስድስቱም ካርዶች በአንድነት እየሠሩ፣ ፈተናው ቀኑ እጅግ በሚሞቅበት ከቀኑ 8 ሰዓት ግድም ተጀምሮ ቮልቴጁ የሚወርድበትን ምሽት አልፎ እስከ ንጋት ሊቆይ ይገባል።